የውጭ አገር ሚስዮን ቡድን ወደ ጅማ ሲመጣ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እንግዶች ሊመጡ ነው በተባለ ቁጥር ከአምልኮ በኋላ በግቢው፣ በመዘምራን ልምምድና በየጎረቤቱ ቡና ላይ የሚነሱ ጥያቄዎች ናቸው። ከቀላሉ ጀምረናል።

የሚመጡት እነማን ናቸው?

ብዙ ጊዜ የአንድ ቤተ ክርስቲያን አባላት ናቸው። ከአሜሪካ፣ ከካናዳ፣ ከኮሪያ ወይም ከአውሮፓ ይመጣሉ። አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ ጡረታ የወጣ አናጢ ነው፣ ሌሎቹ የኮሌጅ ተማሪዎች ይሆናሉ። እንደ ድሮዎቹ ሚስዮናውያን ቋንቋ ተምረው ዓመታት የሚቀመጡ አይደሉም። አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ቆይተው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ይሄን ከመጀመሪያው ልብ ማለት ደግ ነው። ለሁለት ሳምንት ከመጣ እንግዳ የሃያ ዓመት ሥራ መጠበቅ ሁለቱንም ወገን ያስቀይማል።

ደመወዝ ይከፈላቸዋል?

አይከፈላቸውም። ትኬታቸውን ከራሳቸው ኪስ ይከፍላሉ፤ ያልሞላውን ከዘመድ፣ ከጓደኛና ከቤተ ክርስቲያናቸው አባላት ያሰባስባሉ። መኪና እያጠቡ፣ ኬክ እየሸጡ ገንዘብ የሚሰበስቡ ወጣቶች አሉ። ስለዚህ «ፈረንጅ ሁሉ ሀብታም ነው» የሚለው ነገር እዚህ ላይ አይሠራም። ያቺ ተማሪ የመጣችው አያቷ በሰጧት ገንዘብ ሊሆን ይችላል።

ከአዲስ አበባ እንዴት ይመጣሉ?

በአውሮፕላን ወይም በመኪና። በረራው ወደ አባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ነው፤ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። የአገር ውስጥ አውሮፕላን ግን ትንሽ ነው። ከውጭ ይዘውት የመጡት ሻንጣ ሁሉ አብሯቸው ላይደርስ ይችላል። ለመጀመሪያው ቀን የሚያስፈልገውን በእጅ ቦርሳ እንዲይዙ አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

በመኪና ከሆነ መንገዱ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በወሊሶና በወልቂጤ አድርጎ የጊቤን በረሃ ይሻገራል። ቀኑን ሙሉ የሚወስድ ጉዞ ስለሆነ በጠዋት ይነሱ፤ በጨለማ መንዳት አይመከርም። ቀጠሮ ስትሰጡ ደግሞ በማን ሰዓት እንደሆነ አረጋግጡ። «ጠዋት ሁለት ሰዓት» ያላችሁት እነሱ ዘንድ ሌሊት ስምንት ሰዓት ሆኖ፣ ሾፌሩ በውድቅት የተቀሰቀሰበት ጊዜ አለ።

የኛን ምግብ ይችሉታል?

አብዛኞቹ ይችላሉ፤ ሽሮውን ደግሞ ይወዱታል። ጥሬ ሥጋ፣ ያልበሰለ ሰላጣና የቧንቧ ውሃ ግን አታቅርቡላቸው። ሆዳቸው ካልለመደው ሦስት ቀን አልጋ ላይ ይውላሉ፤ ፕሮግራሙም አብሮ ይተኛል። የታሸገ ውሃ ይግዙ። ቡና ላይ አትስጉ፣ የፈላ ነው፤ ደግሞ ጅማ ድረስ መጥቶ ቡና ያልጠጣ እንግዳ መጣ አይባልም። ኦቾሎኒ ወይም ወተት የማይስማማው ሰው ካለ ከመምጣታቸው በፊት ጠይቁ።

አንድ ነገር ግን እንለምናችሁ፦ ተበድራችሁ አትጋብዙ። ለእንግዳ ክብር ሲባል በግ አርደው ወሩን ሙሉ ዕዳ ሲከፍሉ የሚከርሙ ቤተሰቦች አሉ። እንግዶቹ ይሄን ቢያውቁ ጉሮሯቸው አይከፈትም ነበር። ግብዣው ላይ ሙስሊም ጎረቤቶች ካሉ ደግሞ የሥጋው ነገር አስቀድሞ ይታሰብበት። የጾም ወጥ አዘጋጅቶ ሁሉንም ባንድ ማዕድ ማቅረብ ሁሌም ያዋጣል።

በየትኛው ወር ቢመጡ ይሻላል?

እነሱ የሚመቻቸው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፤ ትምህርት ቤት የሚዘጋላቸው ያኔ ነው። ለኛ ግን ይህ የክረምቱ እምብርት ነው። የጅማን ዝናብ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከአስፋልት ወጥቶ ወደ ገጠር አጥቢያ መሄድ ጭቃ ውስጥ መኪና ሲገፉ መዋል ማለት ነው።

ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ ዝናቡ ይቀንሳል፣ ግን ገጠሩ ቡና ለቀማ ላይ ነው። በዚያ ሰሞን ስብሰባ ብትጠሩ የሚመጡት ልጆችና ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው። በኛ አስተያየት ጥሩው ጊዜ ከጥምቀት በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው። መንገዱ ደረቅ ነው፣ ለቀማውም አልፏል። ረመዳን ግን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ስለሚመጣ፣ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት የት ላይ እንደሚውል እዩ። ጎረቤት ሁሉ በሚጾምበት ሰሞን የምሳ ድግስ መደገስ አያምርም።

በምን ቋንቋ ይነጋገራሉ? አስተርጓሚስ ይከፈለዋል?

ከተማ ውስጥ አማርኛው ይበቃል። ወደ ሰቃ፣ ወደ ሊሙ ወይም ወደ አጋሮ ገጠር ከወጣችሁ ግን አፋን ኦሮሞ የሚችል አስተርጓሚ ያዙ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ የሚደረግ ሁለት ደረጃ ትርጉም ሰዓት ይበላል፤ መልእክቱም መንገድ ላይ ይንጠባጠባል። በነገራችን ላይ በ1899 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመው የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር የደከመችው አስቴር ጋኖ በሊሙ እናርያ ንጉሥ እጅ በባርነት የነበረች ሴት ናት። እንግዶቻችሁን ወደ ሊሙ ስትወስዷቸው ይህን ብትነግሯቸው መንገዱ ያጥራል።

ክፍያውን በተመለከተ፦ አዎ፣ ይከፈል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚያስተረጉም ወጣት ሥራውን ወይም ትምህርቱን ትቶ ነው። «ለጌታ ነው» ብሎ በነጻ ማሠራት ደግ አይደለም። የቀን አበሉ በቡድኑ በጀት ውስጥ ቀድሞ ይካተት። የመጨረሻው ቀን ላይ በኤንቨሎፕ የሚሰጥ ጉርሻ አይሁን፤ ያ ነው ወጣቶቹን እርስ በርስ የሚያጣላው።

ሐኪሞች ካሏቸው ማከም ይችላሉ?

ፈቃድ ካገኙ ብቻ። ካገሩ የሐኪምነት ወረቀት ያለው ሰው እዚህ በቀጥታ ማከም አይችልም። ከጤና መሥሪያ ቤቶች ጊዜያዊ የሙያ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ይህም ወራት ቀደም ብሎ የሚጀመር ነገር ነው። መድኃኒት ለማስገባትም ከኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። በሻንጣ ውስጥ በትኖ ማምጣት ቦሌ ላይ ያስይዛል። ጊዜው ሊያልፍ አንድ ወር የቀረው መድኃኒት ደግሞ ባይመጣ ይሻላል።

ፈቃዱ ቢገኝም ሌላ ጥያቄ አለ። ለደም ግፊት በሽተኛ የአንድ ወር ኪኒን ሰጥቶ መሄድ ምን ይጠቅማል? ሴትዮዋ ኪኒኑ ሲያልቅ ወዴት ይሂዱ? ማንስ ይከታተላቸው? ጅማ የዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ያለባት ከተማ ናት፤ ሐኪሞች እዚሁ አሉ። ስለዚህ ድንኳን ጥሎ ከማከም ይልቅ ከጤና ጣቢያው ጋር ተነጋግሮ በጎደለው መግባት ይሻላል። የግፊት መለኪያው የተበላሸበት ጤና ኬላ ካለ እሱን መተካት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ የጠየቁት ሥልጠና ካለ እሱን መስጠት። የተገኘ በሽተኛ ሁሉ ስሙ እዚያው ካርድ ክፍል ይመዝገብ፤ ነርሷ ብትሄድም ካርዱ ይቀራል።

ልብስና ጫማ እንዲያመጡልን ብንጠይቅስ?

አትጠይቁ። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ማስገባት በአገራችን የተከለከለ ስለሆነ፣ በብዛት ሲታይ ጉምሩክ ላይ ጥያቄ ያስነሳል። ተፈትቶ ቢመጣም ማከፋፈሉ ጣጣ ነው። ለ40 ሰው የሚሆን ልብስ 200 ሰው በተሰለፈበት ግቢ ሲታደል ምን እንደሚመስል ያየ ሰው ዳግመኛ አይመኘውም። የሚያስፈልጋችሁ የተማሪ ደንብ ልብስ ከሆነ ጅማ መርካቶ ጨርቅ አለ፣ ሰፊም አለ። ሰፊዎቹም እንጀራ ይበላሉ።

ድሮን ሊያመጡ ካሰቡ ደግሞ አስቀድማችሁ አስጠንቅቁ። ያለ ፈቃድ አይገባም፤ ቦሌ ላይ ይቀራል። ቀረጻው ለበጎ ቢሆንም መልሱ ያው ነው።

ልጄን ይዘው ሊሄዱ ይችላሉ? ማሳደግ የሚፈልጉ አሉ ሲባል ሰማሁ።

አይችሉም። የውጭ ዜጋ ኢትዮጵያዊ ሕፃን በጉዲፈቻ ወስዶ እንዳያሳድግ የተወካዮች ምክር ቤት በ2010 ዓ.ም. ከልክሏል። ማንም ሰው፣ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ ቢልም፣ «ልጅሽን ልውሰድልሽ» ካለ ወዲያው ለሽማግሌዎች ንገሩ፤ ለሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ጽሕፈት ቤትም አመልክቱ። እንግዶች ከልጆች ጋር ሲጫወቱ ሁልጊዜ ከኛ ወገን ሁለት አዋቂ ሰው አብሮ ይኑር። ይህ ማንንም መጠርጠር አይደለም፤ በነሱም ቤተ ክርስቲያን ያለ ደንብ ነው።

ፎቶም ላይ ወላጅ ይጠየቅ። አፍንጫው ያልተጠረገ ልጅ ተፈልጎ ሲነሳ ካያችሁ «ቆይ፣ ፊቱን ልጠበው» ማለት መብታችሁ ነው።

ስልካቸውን ልቀበል? ስፖንሰር እንዲሆኑኝ ብጠይቅስ?

ወዳጅነት ማንም አይከለክልም። ግን እንግዳው ሻይ ሊጠጣ በተቀመጠበት የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የኪራይና የቪዛ ጥያቄ ሲዘንብበት ይደነግጣል። ሆድ የባሳት አንዲት ወጣት ይዛው የመጣችውን ሁሉ ለመጀመሪያው ለማኝ ሰጥታ፣ ከኋላ የመጡት የባሰባቸው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። ብልጡ ይጠቀማል፣ ዓይን አፋሩ ይቀራል።

ችግር ያለበት ሰው ለአጥቢያው የበጎ አድራጎት ክፍል ይንገር። እነሱ ቤታችሁን ያውቁታል። እንግዶቹም መስጠት ከፈለጉ በቤተ ክርስቲያኗ የባንክ ሒሳብ ያስገቡ፣ ደረሰኝ ይያዙ። ዶላር ከግለሰብ ጋር መመንዘር ወንጀል ነው፤ «የኔ ወንድም ጥሩ ምንዛሪ ያውቃል» የሚል አስተናጋጅ ቡድኑንም ቤተ ክርስቲያኗንም ጣጣ ውስጥ ይከታል።

ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ምን ይላሉ? መስበክስ ይችላሉ?

ይህ ጥያቄ በቁም ነገር መያዝ አለበት። የጅማ ዞን ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው። በአንድ ዕድር እንቀባበራለን፣ ቡና አብረን እንጠጣለን። ይሁን እንጂ በ2003 ዓ.ም. በአሰንዳቦና አካባቢው አብያተ ክርስቲያናት የተቃጠሉበትን ጊዜ የረሳ የለም። ያኔ ቤታቸው የወደመባቸው እስካሁን በመካከላችን አሉ። ለሁለት ሳምንት የመጣ እንግዳ በአንድ ቀን ንግግር የሚያበላሸውን እኛ ለዓመታት ስንጠግን እንኖራለን።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 የእምነት ነጻነትን ይሰጣል፤ ማንንም በኃይል ወይም በማስገደድ እምነቱን እንዳይዝ መከልከልንም ያግዳል። በራሳችን አዳራሽ መስበክና መዘመር መብታችን ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ ግን አይቻልም፤ አንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል። ደብተር ለማደል ገብቶ ጸሎት ማስደረግም ያው ነው።

የኛ አቋም ግልጽ ነው፦ እርዳታና ስብከት በአንድ ሰልፍ አይሰጡም። ውሃ የሚቆፈር ከሆነ ቦታው ሲመረጥ ሼሁም የዕድሩ ዳኛም ይኑሩበት፤ ቧንቧውን ለመክፈት ማንም ስለ እምነቱ አይጠየቅ። ስማችን ያለበት ትልቅ ሰሌዳ ባይለጠፍም ውሃው ይፈሳል። እንግዶቹ በመጡ ማግስት ጅሬን ወጥተው የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ቢያዩ ደግሞ ብዙ ይረዳል። ንጉሡ ከምኒልክ ጋር ተስማምተው፣ ግብር እየከፈሉ፣ አገራቸውን ለረጅም ዘመን በራሳቸው እንዴት እንዳስተዳደሩ ሲሰሙ፣ ባዶ ቦታ እንዳልመጡ ይገባቸዋል።

ግድግዳ ለመቀባት ይህን ሁሉ መንገድ መምጣት ምን ይባላል? የትኬቱን ገንዘብ ለምን አይልኩትም?

ከሁሉ በላይ የምንጠየቀው ይሄው ነው፤ ብዙ ጊዜ በሹክሹክታ። ሒሳቡ ቀላል ነው። ከአሜሪካ የአንድ ሰው የደርሶ መልስ ትኬት ብዙ ጊዜ ከ1,000 ዶላር ይበልጣል። 12 ሰው ቢመጣ በትኬት ብቻ ከ12,000 ዶላር በላይ ወጣ ማለት ነው። በዚያ ገንዘብ ስንት ቀለም ቀቢ፣ ለስንት ጊዜ ሊሠራ እንደሚችል እናንተው ገምቱት። ቀቢዎቹ ደግሞ ሰፈራችን ውስጥ ሥራ ፈልገው የሚውሉ ልጆች ናቸው። ኮሌጅ ተማሪ ብሩሽ ይዛ ስትንጠባጠብ፣ ባለሙያው አጥሩ ሥር ቆሞ ያያል። ከሄዱ በኋላ እሱ ተጠርቶ ግድግዳው እንደገና ይቀባል።

ሆኖም ነገሩ ሌላ ገጽ አለው። ያ ገንዘብ ባይመጡ ይላክ ነበር ወይ? ብዙ ጊዜ አይላክም። ሰዎች ላላዩት ነገር እጃቸው አይዘረጋም። አንድ ጊዜ መጥቶ ገጠር አጥቢያ ያደረ ሰው ለዓመታት ሲያስታውሰን፣ ሲጸልይልን፣ አጥቢያውን ሲቀሰቅስ እናያለን። ስለዚህ «አትምጡ» አንልም። የምንለው ሥራውን እኛ እንምረጥ ነው።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ጥፋቱም የእነሱ ብቻ አይደለም። «ምን እንሥራላችሁ?» ብለው ሲጽፉ «የፈለጋችሁትን፣ ብቻ ኑ» ብለን እንመልሳለን። እንግዳ ላለማስከፋት ነው። እነሱም ግራ ሲገባቸው ቀለም ይገዛሉ። በዚያ ፈንታ የጎደለንን በግልጽ እንጻፍ። የሒሳብ አያያዝ የሚያውቅ ሰው ካላቸው ገንዘብ ያዣችን ጋር ይቀመጥ። ኤሌክትሪሻን ካላቸው ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚቃጠለውን የድምፅ መሣሪያችንን መስመር ከኛው ባለሙያ ጋር ይፈትሽ። የሰንበት ትምህርት ቤት ወንበር ከሆነ ያሰቡት፣ ጅማ በእንጨት ሥራ የታወቀች ከተማ ናት፤ በርጩማውን ከዚሁ አናጢ ይግዙ። አናጢ ከመጣም ከአናጢያችን ጎን ቆሞ ይሥራ። አንዱ አዲስ መሣሪያ ያያል፣ ሌላው በትንሽ መሣሪያ እንዴት እንደሚሠራ ይማራል። የሚሠሩት ነገር ከሌለ ደግሞ በግድ ሥራ አይፈጠርላቸው። ለቅሶ ቤት ወስዳችሁ አስቀምጧቸው፣ ቡና ለቀማ ይዋሉ፣ በማለዳ ጸሎት ይገኙ።

ቃል ገብተው ቢቀሩስ?

ያጋጥማል። የመጨረሻው ቀን ምሽት ላይ ሁሉም ሰው አልቅሶ፣ ተቃቅፎ፣ «ክሊኒክ እንሠራላችኋለን» ይባላል። ያን ሲሉ ከልባቸው ነው። አገራቸው ሲገቡ ግን ሥራ፣ ዕዳና ኑሮ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ በመሰነባበቻው ምሽት የተባለ ነገር ለጉባኤ አይነገር፤ መሬትም አይጠየቅበት። ቡድኑ ተመልሶ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተማክሮ፣ በጽሑፍ ሲልክ ያኔ እንነጋገራለን። መሠረቱ ተጥሎ ሣር የበቀለበት ግቢ ያለው አጥቢያ ይህን ምክር ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

እነሱ ባይመጡ አገልግሎታችን ይቆማል?

አይቆምም፤ ታሪካችንም ይህንኑ ያሳያል። ጣሊያን አገሪቱን በያዘ ጊዜ፣ በ1929 ዓ.ም.፣ ሚስዮናውያን ከወላይታ ሲወጡ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 50 እንኳ አይሞሉም ነበር። ጦርነቱ አልፎ ሲመለሱ ወደ 10,000 የሚጠጉ አማኞች ጠበቋቸው። መሪዎቹ ታስረዋል፣ ተገርፈዋል፤ ሥራውን የሠሩት ግን የአገሩ ሰዎች ናቸው። ከውጭ በመጣ ብር ብቻ የሚንቀሳቀስ የአገልግሎት ክፍል ካለን በጀቱን አሁኑኑ እንደገና እንየው።

እኛስ ወደ ውጭ ቡድን መላክ አንችልም?

እንችላለን። የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ሕንድና ፓኪስታን ድረስ ሚስዮናውያን ልከዋል። በሁለተኛ ቆሮንቶስ 8 ላይ ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የሰጡት የመቄዶንያ ሰዎች ድሆች ነበሩ፤ ስለዚህ «እኛ ድሃ ነን» የሚለው ሰበብ አያስኬድም። ከሩቅ አገር መጀመርም ግድ አይደለም። ከከተማው አጥቢያ ተነስቶ ዳውሮ ወይም ከፋ ገጠር ሁለት ሳምንት አገልግሎ መምጣት በውጭ እንግዶች ላይ የምናያቸውን ነገሮች ሁሉ በራሳችን ላይ ያሳየናል። ቋንቋ አለመቻልን፣ የማያውቁትን ምግብ፣ ሳይጠየቁ ሥራ መፍጠርን።

እንግዶቻችሁ «በተራችሁ ኑ» ካሏችሁም የአፍ ግብዣ አይበቃም። የግብዣ ደብዳቤው ወጪውን ማን እንደሚሸፍን በግልጽ ይጻፍበት፤ ተጓዡም እዚህ ሥራና ቤተሰብ እንዳለው የሚያሳይ ማስረጃ ያዘጋጅ። ወጣትና ያላገባ ሰው በብዛት እንደሚከለከል እወቁት፤ የኤምባሲው ክፍያም አይመለስም። ቪዛው ፓስፖርቱ ላይ ሳይመታ ደግሞ በመድረክ አታስታውቁ።